የፖፕላር ክሪክ ድምፅ ቆጠራ

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

ትናንት ማታ አሸንፈን ነበር። ዛሬ ጠዋት ተሸንፈናል። ከተማው ውስጥ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ስለሆነ እኔም እንዲሁ ልጻፈው።

ማታ እኛ ቤት ነበርን። ባለቤቴ ዌንደል ምድጃውን አንድዶ፣ ወንድሜ ሬይኖ ቢራውን ይዞ መጥቶ፣ ሦስታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረን። የክፍለ ግዛቱ ገዥ ምርጫ አንገት ለአንገት ነበር። የእኛ ወረዳ ውጤት ሲወጣ ፖፕላር ክሪክ ቀበሌ ለኛ ሰው በገፍ ሰጥቶ ታየ። ሬይኖ ተነሥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈረ። የብረት ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። የኛ ሰው ማዕድኑን አስከፍታለሁ ብሎ ነው የተወዳደረው፤ እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። "እቴ፣ በጸደይ ሥራ እገባለሁ!" ብሎ አቅፎ አሽከረከረኝ።

ጠዋት ስንነሣ ቁጥሩ ተገልብጧል። ቪቪያን የፖፕላር ክሪክን ድምፅ ስታስገባ የአንዱን በአንዱ ቦታ ጽፋው ኖሯል። ሌሊቱን አይታ አርማዋለች። ቪቪያን የወረዳው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ።

ደወልኩላት።

"አይላ፣ ደክሞኝ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ" አለችኝ። ረዳቶቿ በበጋው ለቀዋል፤ በስልክ የሚሰድባቸውና የሚያስፈራራቸው ሰው በዝቶ።

"የማይሳሳት ሰው አለ እንዴ" አልኳት።

ከዚያ ሬይኖ ወደ ፀጉር ቤቴ ገባና ስልኩን ዘጋሁት። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

ሌላ ወሬ የለም። ደንበኛዬ ወይዘሮ ሂልማ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሲሆኑ የሚናገሩት እስከ ነዳጅ ማደያው ይሰማል። "ሰው ተኝቶ ሲነሣ ቁጥር የሚቀየርበት አገር የሌባ አገር ነው!" አሉ። ቀለም የምቀባት ልጅ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። እኔ ጓንቴን አየሁ።

"ስህተት ነው አሉ" አልኩ።

"አሉ" ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሬይኖ መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ተሽከረከረ፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሱን አልቀየረም ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

"ያ ቦርድሽ" አለኝ፣ "ውጤቱን የሚያጸድቀው። አራት ናችሁ አይደል?"

"አራት። ሁለት ከነሱ፣ ሁለት ከኛ።"

"እና ሁለታችሁ እምቢ ካላችሁ?"

"አይጸድቅማ።"

"ከዚያስ ምን ይሆናል?"

"አላውቅም። ሆኖ አያውቅም።"

ሳይናገር ፈገግ አለ። እኔ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ቀጠልኩ። ባልነገርኩት ይሻል ነበር፤ ግን ምስጢር አይደለም እኮ፣ ማንም የሚያውቀው ነው።

ቦርዱ ላይ የገባሁት ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሥራው የማሽኖቹን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት፣ መፈረምና ጆአን ላክሮይ ጋግራ የምታመጣውን የፖም ኬክ መብላት ነበር። ጆአን ከነሱ ወገን ናት፤ ኬኳ ግን ወገን የለውም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10

ሠርግ አለ። ስድስት ሚዜ፣ ሁሉም ፀጉሬን ወደ ላይ አድርጊልኝ። ቁርስም አልበላሁ።

ከዋናው ከተማ ከፓርቲው ተደወለልኝ። ድምፁ ልጅ እግር ነው። "ወይዘሮ ሪንታላ፣ ብዙ ሰው እርስዎን እየተመለከተ ነው" አለኝ። በበጎ ነው ያለው ይመስለኛል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ ቦርዱ ማሽኖቹ ያወጡትን ወረቀት ከቀበሌ ቀበሌ አየ። ፖፕላር ክሪክ ጋ ስንደርስ ማንም ኬኩን አልነካም። ከማሽኑ የወጣው ወረቀት እንደ ፋርማሲ ደረሰኝ ረጅም ነው፤ ቪቪያን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።  ቁጥሩ እርማቱ ነው፤ በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የወጣው አይደለም። የእኛ ሰው ፖፕላር ክሪክን ተሸንፏል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጣቴን አድርጌ አንብቤዋለሁ።

ሃርላን ትሬቫሮ ከኛ ወገን ሁለተኛው ነው። ሽማግሌ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥም ነው። ወረቀቱን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ገለበጠው። "ወረቀት ወረቀት ነው፣ ልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ምንም ማለቴ አይደለም።"

ከምንም ነገር ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ማለቴ፣ አሳሰበኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ስብሰባው ከወረዳው ቢሮ ወደ እሳት አደጋ አዳራሽ ተዛወረ፤ ሰው በዝቶ። የእሳት አደጋ መኪናውን በረዶው ላይ አውጥተው አቆሙት። የማውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። የግማሹን ፀጉር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። "አታጽድቁ! አታጽድቁ!" ይላሉ። ሬይኖ ከፊት ወንበር።

ጆአን "አጸድቃለሁ" አለች። ኤድ ኒሉንድም ከነሱ ነው፤ የጆሮ መሣሪያውን እያስተካከለ "አጸድቃለሁ" አለ። ሃርላን "አላጸድቅም" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከዚያ እኔ። ቪቪያን ስሜን ጠራች። "አይላ ሪንታላ" አለች፤ እንደ ባዕድ።

"ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል" አልኩ።

"አጸድቃለሁ ነው ወይስ አላጸድቅም?"

"አሁን አላጸድቅም።"

ሁለት ለሁለት። ቤቱ ፈነዳ። ሬይኖ ወንበር ላይ ወጣ። ትከሻዬን መታ መታ ያደረገኝ ሰው ብዛቱ! ሃርላን ወደኔ ዞሮ አላየም።

ከጫጫታው መሀል ቪቪያን ተነሥታ "እንግዲያው የፖፕላር ክሪክን ሳጥን ሕዝብ ፊት እንክፈተውና በእጅ ይቆጠር። ከሁለቱም ወገን የፈለገ መጥቶ ይቁጠር" አለች። እኔ ቶሎ ብዬ ደገፍኩ። ቆጠራው ቅዳሜ ይሆናል፤ ቦርዱ ሰኞ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ለማጽደቅ በሕጉ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነው።

አልዋሸሁም። ማጣራት ያስፈልጋል ነው ያልኩት። ማጣራት ምን ክፋት አለው? ሆዴንም አሞኝ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

ቪቪያንን ገበያ ውስጥ አየኋት፤ የወተት ማቀዝቀዣው ጋ። እኔ በእህሉ በኩል ዞርኩ። ወተቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ወይዘሮ ሂልማ ዛሬ ጉንጬን ሳሙኝ። "አንቺ የእናትሽ ልጅ ነሽ" አሉኝ። እናቴን አያውቋትም ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

የአጋዘን አደን ተከፈተ። ከተማው ወንድ የለበትም። ዌንደልና ሬይኖ ጎሕ ሳይቀድ ፒካፑን ጭነው ወደ አደን ጎጆ ሄዱ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ልጻፍ።

ሁልጊዜ ከኋላችን ትልቅ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። እኛ ተሳስተን እንኳ ዋናው ከተማ ውስጥ ጠንካራና የተማረ ሰው ተቀምጦ የሚያርመው። እኛ ፈርመን ኬክ እንበላለን፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው ብዬ። አሁን ሳየው ማንም የለም። ጆአን አለች፣ ጆሮው የማይሰማው ኤድ አለ፣ ሃርላን አለ፣ እኔ አለሁ። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ምርጫ የተንጠለጠለው ሆዷን ባመማት ፀጉር ሠሪ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ያልተበላሸው ማንም ሊያበላሸው ስላልፈለገ ብቻ ኖሯል። ይህን ማን ሠራው? እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ?

ከቦርዱ ልልቀቅ ብዬ አሰብኩ። ብለቅ በማግስቱ ሌላ ይሾማሉ፤ የሚሾመው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ልታመም? የመኪናው ጎማ ይንሸራተት? ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ።

ባጸድቅ ሬይኖን አጣዋለሁ። ሥራ የለው፣ ሚስት የለችው፣ ያለሁት እኔ ነኝ። ያንን ማታ የጨፈረውን ጭፈራ ከእጁ የምነጥቀው እኔ ልሆን ነው። እሱ የሚለኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ዋሺ አላልኩሽም። ዝም በይ ነው ያልኩሽ።"

ማዕድኑ እንዲከፈት እኔም እፈልጋለሁ። ይህንን ማንም አይጠይቀኝም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 16

ጆአን ደውላ ነገረችኝ። የቪቪያን በረንዳ ደረጃ ላይ የአጋዘን አንጀትና ሆድ ዕቃ ተደፍቶ ተገኘ። ደሙ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀዝቅዟል፤ በፈላ ውኃም አልወጣ ብሏል። ቪቪያን ፖሊስ አልጠራችም። "ማንን ልክሰስ፣ ሁሉም አዳኝ ነው" አለች አሉ።

የከፋቸው ጎረምሶች ይሆናሉ። በዚህ ሰሞን ከሌላ ወረዳም ብዙ ሰው ይመጣል።

ዌንደል ለምሳ መጣ። አደኑ እንዴት ነው ስለው ዘንድሮ ምንም አልቀናንም አለ። ከምሳ በኋላ የፒካፑን ጀርባ በባልዲ አጠበ። በዚህ ብርድ። ውኃው መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል።

"ምን ነክቶህ ነው?" አልኩት በመስኮት።

"ቆሽሿል።"

የጭቃ መንገድ ነው፣ ይቆሽሻል። ምሳውን ሳይጨርስ ነው የተነሣው። ድንች አብዝቼበት ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 17

ቆጠራው በትምህርት ቤቱ ጂም ሆነ። ቅርጫት ኳስ መጫወቻው ላይ ጠረጴዛ ተደረደረ፤ በየጠረጴዛው አንድ ከነሱ፣ አንድ ከኛ። ሕዝቡ እንደ ጨዋታ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። አንዳንዱ ብርቱካናማውን የአደን ልብሱን ሳያወልቅ ነው የመጣው።

ሬይኖ ሊቆጥር ተመዘገበ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሚስ ኦዴት ሆነች፤ ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችው። እኔ ከቦርዱ ጋር ጥግ ቆሜ ነበር፤ ሁሉም ይሰማኛል።

"ሬይኖ፣ ጣትህን ላስ አታድርግ፤ የሕዝብ ወረቀት ነው" አለችው።

"እሺ፣ ሚስ።"

"ጮክ ብለህ አንብብ። ሦስተኛ ክፍልም ቃል ትውጥ ነበር።"

ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሬይኖም ሳይወድ ሳቀ። ለአፍታ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መሰለኝ። አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ያረጋግጣል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። በቀጣዩ ጠረጴዛ እንጨት ቆራጩ ክሊንት ቦዲን ነበር፤ እሱም ከኛ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አዳራሽ ውስጥ ከማንም በላይ ይጮህ የነበረው። እያንዳንዱን ወረቀት እንደ እንቁላል ነበር የሚያነሣው።

ከሰዓት በኋላ አለቀ። ቪቪያን ድምሩን አነበበች። ማሽኑ ካወጣው ጋር አንድ ነው።

ማንም አልጮኸም። ሬይኖ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

"እንግዲያው ወረቀቱ ራሱ ተቀይሯል" አለ።

"አሁን አብረን ነው የቆጠርነው እኮ" አለች ሚስ ኦዴት።

"የቆጠርነው የሰጡንን ነው።"

ፊቱን አየሁት። ተንኮል የለበትም። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ምን ወረቀት፣ ምን ሳጥን ባቀርብለት ያምነኛል? የለም። ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይበቃው ነበር።

ያኔ ክሊንት ሳይነሣ ተናገረ። "እኔ ቆጥሬዋለሁ" አለ። "የፈለግኩት ቁጥር አይደለም። ግን ቁጥሩ ይኸው ነው።"

ከደረጃው ላይ አንድ ሰው "ከሃዲ!" አለው። ክሊንት ቀና ብሎ "ማነህ? ና ውረድና አንተም ቁጠረው" አለ። ማንም አልወረደም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 18

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል።

ዌንደል ብቻውን ሄዶ መጣ። "ስለ ነገ ጠየቁኝ" አለ።

"ምን አልካቸው?"

"አታወራኝም አልኳቸው።"

እውነቱን ነው። ግን እሱም አላወራኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 19

አጸደቅሁ።

በዝርዝር ልጻፈው፤ በኋላ ሌላ ዓይነት አድርጌ እንዳላስታውሰው። ጆአን አጸደቀች። ኤድ አጸደቀ። ሃርላን አላጸድቅም አለ፤ ጭብጨባ። ስሜ ተጠራ። ጭብጨባው ድምፄን ዋጠው፤ ቪቪያን "ይድገሙልኝ" ብላ አስደገመችኝ። ሁለት ጊዜ ማለት ነበረብኝ። "አጸድቃለሁ። አጸድቃለሁ አልኩ።"

ሬይኖ አልጮኸም። ሌላው ሁሉ ሲጮኽ እሱ ቁጭ ብሎ አየኝ፤ እናታችን የሞተች ዕለት በር ላይ ቆሞ እንዳየኝ። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ሃርላን በኋለኛው በር ካፖርቱን እየለበሰ ክንዴን ያዘኝ። "ጎበዝ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"እንደምታደርጊው አውቄ ነበር። እኔማ እምቢ ማለት የቻልኩት አንቺ ስላለሽ ነው።"

"ባላደርገውስ ኖሮ?"

"አደረግሽው እኮ፣ ልጄ።"

በጥፊ ልመታው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኔ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው! ነገ ከተማው እሱን ጀግና ይለዋል፤ እሱም እንቅልፉን ይተኛል። በሌላ ሰው ድፍረት ተማምኖ ፈሪ መሆን ምን ይባላል? ባለፈው ሳምንት እኔ የተማመንኩት በማን ነበር? ይህን አላስብም አሁን።

ዌንደል ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። "ጎማውን መቀየር አለብን" አለ። "ይንሸራተታል።"

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ዛሬ ሁሉም ቀጠሮ ተሰረዘ። የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በሙሉ አጠብኩ። እንደገና አጠብኳቸው።

አንድ ሰው በስልክ ምንም ሳይናገር ይተነፍሳል። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል "ፀጉር ልትቆረጥ ነው ወይስ ልትተነፍስ?" አልኩት። ዘጋው። ቢጎዲኖቹን ሦስተኛ ጊዜ አጠብኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 22

የምስጋና ቀን። ለሦስት ሰው ሠርቼ ለሁለት አቀረብኩ። የሬይኖን ድርሻ በሳህን ሸፍኜ ወደሚኖርበት ተጎታች ቤት ወሰድኩ። መብራቱ በርቷል። አንኳኳሁ። "ሬይኖ፣ እኔ ነኝ።" የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀነሰ። "ደረጃው ላይ እተወዋለሁ" አልኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 23

ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሳህኑ እዚያው ነበር። በረዶ ሞልቶታል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 4

ወይዘሮ ሂልማ መጡ። ካባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ እኔ ደንግጬ ቆምኩ።

"ምን ታፈጥጫለሽ? ፀጉሬን ሌላ የሚያውቀው የለም። ቲና ጋ ሄጄ በግ አስመሰለችኝ። ከሃዲ ብትሆኚም እጅሽ ጥሩ ነው።"

ሙሉውን ሰዓት ካስክ ውስጥ ሆነው ሰደቡኝ። ሲወጡ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ሳቄም አብሮ መጣ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 15

ቪቪያን ደወለች። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ ነው።

"ባልሽ እዚህ ነው" አለችኝ።

"የት እዚህ?"

"በረንዳዬ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ ደረጃዬን እየነቀለ አዲስ እንጨት ይመታል። 'በስብሷል' አለኝ። አይላ፣ ደረጃዬ አልበሰበሰም።"

  በስልኩ ውስጥ የመዶሻው ድምፅ ይሰማኛል።

"ሻይ ስጪው" አልኳት በመጨረሻ። "ስኳር ይወዳል።"

"ሰጥቼዋለሁ። ዓይኔን አያየኝም።"

ማታ ሲመጣ እጁ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ቅባት ቀባሁለት። "ያን ሌሊት ሬይኖ ሰክሮ ነበር፤ ብቻውን ልለቀው አልፈለግኩም" አለኝ ጣራውን እያየ። ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቅኩትም። እጁንም አልለቀቅኩም። ተቆጥቻለሁ? አዎ። አሁንም ተቆጥቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 9

ፓርቲው ከቦርዱ አነሣኝ። ሕጋዊ ነው፤ የአገልግሎት ዘመኔ አልቋል፣ ስሜን ደግመው አላቀረቡም። በምትኬ የገባው ሰው በሬዲዮ ላይ እኛ የተሸነፍንበትን ውጤት መቼም አልፈርምም ብሎ የማለ ነው። ሃርላን ግን አለ። ሃርላን ሁልጊዜ አለ።

የሚቀጥለው ጊዜ ምን ይሆናል? እኔ አሁን አንድ ጊዜ በሩን ደግፌ ያዝኩት፤ ንፋሱ ግን አልቆመም። ይህን ለዌንደል ስነግረው "ሌላ ሰው ይደግፈዋል" አለ። "ማን?" አልኩት። በረዶ ሊጠርግ ወጣ።

ማዕድኑ እንደተዘጋ ነው። አዲሱ ገዥ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ድምፄን የሰጠሁትም ሰው ቢሆን ይከፍተው እንደነበር እንጃ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 24

በኤፕሪል የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ አለ። ቪቪያን አስመራጭ አጥታለች፤ የድሮዎቹ ፈርተው ቀርተዋል። ቦርዱ ላይ ባልኖርም ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስም መመዝገብ አያቅተኝምና ዛሬ ለሥልጠናው ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ቪቪያን ወንበሮች ዘርግታ በሩን ታያለች። እኔና ሚስ ኦዴት ብቻ ነበርን። ቀጥሎ ክሊንት ቦዲን መጣ፤ ሰጋቱራ ሰጋቱራ እየሸተተ፣ ሚስቱን አስከትሎ። ከዚያ የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች። ከዚያ የሠርጉ ዕለት ፀጉሯን የሠራሁላት ሙሽራ። ቪቪያን ተጨማሪ ወንበር ለማምጣት ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

ልትጀምር ስትል በሩ ተከፈተ። ሬይኖ ነበር። ቦት ጫማው ላይ በረዶ ይዞ።

 ቪቪያን የበራውን ፕሮጀክተር እንደገና ለማብራት ሞከረች።

"ለምን መጣህ?" አለችው።

"ልጠብቃችሁ። ከእንግዲህ ዓይኔን ከእናንተ ላይ አላነሣም።"

"ጥሩ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ያስፈልገኛል፤ ከናንተ በኩል ጎድሎኝ ነበር። ተቀመጥ።"

እንዲህ ትለዋለች ብሎ አልጠበቀም። ባዶው ወንበር ከኔ ጎን ያለው ብቻ ነው። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ዘወር አድርጎ ተቀመጠ። ከኖቬምበር ወዲህ ያን ያህል አልቀረብኩትም። ከስቷል። ፀጉሩን ራሱ ቆርጦታል፤ ከኋላ ተበላሽቷል።

በየመሀሉ እጁን እያወጣ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሁሉ እንደ ክስ ነው። ቪቪያን አንድ በአንድ ትመልስለታለች። በመጨረሻ፣

"በምርጫው ሌሊት ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገቢ ከጎንሽ ሆኖ የሚያየው ማነው?" አላት።



"ማንም አልነበረም" አለች።

"ይኸው!" ሬይኖ ወደኛ ዞረ። "ይኸው! ምን አልኳችሁ?"

"ልክ ነህ" አለች ቪቪያን። "ሰው አልነበረኝም። ቢኖረኝ ያን ስህተት ያየው ነበር። በኤፕሪል አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ።"

 ክሊንት ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቪቪያን ስታስምለን ሬይኖም ተነሥቶ ማለ፤ ቃሉን ሌሎቻችን ካልነው ዘግየት ብሎ፣ እያንዳንዱን የሚመረምር ይመስል።

ሊያግዝ ይሁን ሊያፈርስ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በኤፕሪል ቁጥሩ በዓይኑ ፊት ገብቶ፣ በዓይኑ ፊት ልክ ሆኖ፣ እንደገና "የቆጠርነው የሰጡንን ነው" ቢል የምለው የለኝም። ቪቪያን ጎን ማስቀመጡ ራሱ እብደት ሊሆን ይችላል። ዌንደልን ነገ እጠይቀዋለሁ።

ወረቀቶቻችንን ስንሰበስብ ሬይኖ፣ ወደ ግድግዳው እያየ፣ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ።

"ለመሆኑ ምሳ ይሰጣሉ?"

"የለም። የራስህን ነው የምታመጣው።"

"ሙሉ ቀን አስቀምጦ ምሳ የማይሰጥ መንግሥት!"

"ፓስቲ ጋግሬ አመጣለሁ" አልኩት። "ሥጋና ድንች የሞላበት።"

ጃኬቱን ለበሰ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ካሮት አታስገቢበት" አለ።

አላስገባም።